ኬሚስትሪ ተምረን የት እንውላለን?

(የትምህርት ክፍል ለሚመርጡ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የኬሚስትሪ ትምህርትና የወደፊት ሥራ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፋ ያለ ይምሰል እንጂ በየመኝታ ክፍሉ ማታ ማታ የሚነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ «ኬሚስትሪ ተምረን የት እንውላለን?» ይላል። ይህን የሚጠይቁት ትምህርቱን ወደው የመረጡት ብቻ አይደሉም። ሕክምና ወይም ምሕንድስና ተመኝተው ነጥባቸው ስላልበቃ ወደዚህ ክፍል የተመደቡም አሉ፤ ቁጥራቸውም ቀላል አይደለም። ለነዚህ ጓደኞቻችን ስለ ኬሚስትሪ ክብር ውዳሴ ብናሰማ ለተራበ ሰው ስለ እህል ዘር እንደ መስበክ ይሆንብናል። ስለዚህ ውዳሴውን ወደ ጎን ትተን፥ ቀድመውን ከተመረቁት የሰማነውንና ራሳችን በልምምድ ጊዜ ያየነውን እንናገራለን።

በመጀመሪያ መራራውን እንዋጠው። ሐኪም ሐኪም ቤት አለው፤ ዳኛ ፍርድ ቤት አለው፤ ኬሚስት ግን በስሙ የሚጠራ ቤት የለውም። በቢራ ፋብሪካ ቢቀጠር «የጥራት ተቆጣጣሪ» ይባላል። በውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት «የላቦራቶሪ ባለሙያ» ነው። በስሚንቶ ፋብሪካ የድንጋዩን ካልሲየም፥ ሲሊካ፥ አሉሚናና ብረት እየለካ ወደ ምድጃው የሚገባውን ድብልቅ የሚያስተካክለው እርሱ ነው። በስኳር ፋብሪካ ከጭማቂው ስንት ስኳር እንደ ተገኘ፥ ከተጨመቀው አገዳ ጋርም ስንቱ እንደ ተጣለ ሌሊትና ቀን በየፈረቃው ይለካል። በቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየሙን ይጠብቃል፤ በማዕድን ምርመራ ድንጋይ ያሟሟል። ስለዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ኬሚስት» የሚለውን ቃል ብቻ ፈልጎ የሚቆም ተመራቂ ብዙ ቀን ይቆማል።

ቦታው ለምን አነሰ ብለን ብንጠይቅ ምክንያቱ ከፋብሪካዎቻችን አፈጣጠር ላይ ይገኛል። አብዛኞቹ የመጡት ከነመኪናቸውና ከነቀመራቸው ነው። ዱቄቱ በከረጢት፥ ፈሳሹ በበርሜል ከውጭ አገር ይገባል፤ እዚህ ይቀላቀላል፥ ይፈላል፥ ይታሸጋል። የሚቀላቅል ፋብሪካ ጥቂት ኬሚስቶች ይበቁታል፤ ብዙ ኬሚስት የሚፈልገው ራሱ ንጥረ ነገሩን የሚሠራው ነው። የሰልፈሪክ አሲድና ለውሃ ማጣሪያ የሚሆን የአሉሚኒየም ሰልፌት እንዲያመርት በአዋሽ መልካሳ እንደ ተቋቋመው ያለ ፋብሪካ ባገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ 70 እጅ የሚሆነው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተወስኖ ስለ ነበር የተመራቂው ቁጥር ከፋብሪካው ቁጥር እጅግ ፈጥኖ አደገ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። ይህን ሳይሰሙ መምረጥ ስለማይገባ ነው ከሁሉ አስቀድመን የተናገርነው።

ደመወዝስ? ደመወዝ አያሳስብም የሚላችሁ ሰው ወይ ሀብታም ነው ወይ ንግግር አድራጊ ነው። መምህር የሚሆነው በቤት ኪራይ ይጨነቃል፤ ፋብሪካ የሚገባው የተሻለ ቢያገኝም ሌሊቱን ይከፍልበታል። ከጓደኞቻችን ባንክ የገቡ አሉ፤ አንወቅሳቸውም፤ ሥሌት አይፈሩም ተብለው እንደ ተወደዱ ሰምተናል።

ይሁንና ቀድመውን የወጡትን ስናነጋግር አንድ ነገር አስገርሞናል። ደስ ብሎት የሚሠራውንና ቀን ቈጥሮ የሚውለውን የሚለያቸው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ትልቅነትም አይደለም። በአንድ ዓይነት ደመወዝ፥ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲመሰገን ሌላው ሲያማርር አይተናል። ነገሩን ስንመረምረው ልዩነቱ ይህ ሆኖ አገኘነው፤ የአንዱ ቁጥር አንድ ነገር ያስቆማል፥ ወይም ያሳልፋል፤ የሌላው ቁጥር ግን መዝገብ ላይ ተጽፎ ይተኛል። ኬሚስት የሚያመርተው ዕቃ ቁጥር ነው። ማንም የማይገዛው ዕቃ ሲያመርት የሚውል ሰው ልቡ እንዴት ይረካል?

ቁጥር ምን እንደሚያስቆም በምሳሌ እናሳያችሁ።

«እንጀራ ውስጥ ጄሶ ተቀላቀለ» የሚል ወሬ በአዲስ አበባ በየጊዜው ይነሣል። ጄሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ሰልፌት ያለበትን ፈሳሽ ጥቂት አሲድ ጨምራችሁበት ባሪየም ክሎራይድ ብታንጠባጥቡበት ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ይህን ማንኛውም የኬሚስትሪ ጀማሪ ያውቀዋል። ታዲያ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል፤ ግን አላለቀም። ጄሶ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአንድ ሊትር የሚሟሟው ከ2 እስከ 3 ግራም ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ናሙናውን በቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማሞቅ ያስፈልጋል። «የለም፥ እንጀራውን አቃጥዬ አመዱን እመረምራለሁ» የሚል ቢኖር ደግሞ በእህሉ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል ወደ ሰልፌት ሊለወጥ ይችላል፤ ጄሶ ያልነካው እንጀራም ጄሶ ያለበት መስሎ ይታያል። ካልሲየሙን ብቻ እንለካ ብንል ጤፍ በተፈጥሮው ካልሲየም የበዛበት እህል ነው። እንግዲህ ንጹሕ መሆኑ ከታወቀ እንጀራ ጋር ጎን ለጎን ተመርምሮ፥ መጠኑ በሚዛን ተረጋግጦ ካልሆነ በቀር አዎን ወይም አይደለም ማለት አይቻልም። እንጀራ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ወህኒ ትወርድ እንደ ሆነ፥ ወይም ወደ ቤቷ ትመለስ እንደ ሆነ የሚወስነው ዳኛ ይመስላል፤ ዳኛው ግን የሚያነበው ኬሚስቱ የፈረመበትን ወረቀት ነው።

ጤፍን ካነሣን አይቀር፥ ብረቱንም እንጨምር። ጤፍ በብረት ንጥረ ነገር ከእህል ሁሉ ይበልጣል መባሉን ሁላችንም ሰምተናል። ከ40 ዓመት በፊት ግን ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጤፉን በአሲድ አጥበው ሲለኩት ያ ትልቅ ቁጥር ወረደ። ለካስ ከብረቱ ብዙው ከአውድማው አፈር፥ በሬዎች ሲያበራዩት የተጣበቀ ኖሯል። ይህ ምርመራ ውድ መሣሪያ ስላለ የተገኘ አይደለም፤ «ናሙናው ታጥቧል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ ይልቅ የከበደው የውሃው ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ፥ ከአዳማና ከወንጂ እስከ ዝዋይና ከዚያም ወዲያ ያደጋችሁ ጓደኞቻችን የበለዘ ጥርስ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ሊኖር ይገባል የሚለው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፥ ባካባቢው ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥባቸው ጕድጓዶች ተገኝተዋል። በወንጂ የስኳር ፋብሪካው በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ በኋላ የጕድጓድ ውሃ ሲጠጡ ከኖሩት ሠራተኞች መካከል አጥንታቸው ተጣብቆ ጀርባቸው የጐበጠ ሰዎች እንደ ነበሩ በሐኪሞች ተጽፏል። መድኃኒቱ ፍሎራይዱን ከውሃው ማውጣት ነው፤ በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ ማዝቀጥ አንድ መንገድ ነው፤ በአጥንት ከሰል ማጣራት ሌላ መንገድ ነው። የአጥንት ከሰል ግን እየቆየ ይጠግባል። የጠገበ ማጣሪያ የሚያወርደው ውሃ ያው ጥሩ ነው፤ ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም። እናት ለልጇ ትቀዳለች፤ ማጣሪያው መሞቱን የሚያውቅ የሚለካው ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ፍሎራይድን በኤሌክትሮድ ስንለካ፥ ለማጣሪያ ከገባው አሉሚኒየም ጥቂቱ በውሃው ውስጥ ቀርቶ እንደ ሆነ ፍሎራይዱን ይዞ ይደብቀዋል፤ መሣሪያውም ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ድብቁን የሚፈታ ልዩ ፈሳሽ ካልተጨመረ በቀር መጥፎው ውሃ «መልካም» ተብሎ ይፈረምበታል። በፈተና ላይ ይህ የአንድ ወይም የሁለት ነጥብ ጥያቄ ነው። በመንደር ላይ ግን የልጆች ጥርስና የሽማግሌዎች ወገብ ነው። ይህን ሥራ በአንድ ወረዳ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ሹመትም ታላቅ ደመወዝም የለው ይሆናል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ጕድጓድ ያዘጋል። ካነጋገርናቸው ሁሉ በሥራው የረካ ሆኖ ያገኘነው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ቁጥር ከኛ ዘንድ ሲጠፋም ምን እንደሚደርስ እንመልከት። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ግዢዋም በብርቱ ቀነሰ። ጃፓን የተለየ ወሰን ላልወጣለት ፀረ ተባይ የምትፈቅደው በአንድ ኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ነው። በአንድ ቶን ቡና ውስጥ 10 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው፤ ከአንዲት የጨው ቁንጥጫ ያንሳል። አብዛኛው የቡና ገበሬያችን ዛፉን በመርዝ የሚረጭ ስላልሆነ ጥርጣሬው ወደ ጆንያው ዞረ። «ገበሬያችን ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም ያን ጊዜ አልረዳም፤ ቁጥርን የሚመልሰው ቁጥር ነውና። ቡናው ወደብ ሳይደርስ፥ ጆንያውም ሳይታሰር በፊት ይህን የሚለካ ላቦራቶሪና ለመፈረም የሚደፍር ኬሚስት አስፈለገ። ዛሬ የንግድ ላቦራቶሪዎች አይ.ኤስ.ኦ. 17025 የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ለማግኘት የሚደክሙት ለዚህ ነው። ይህን ሥርዓት ገና ተማሪ ሳለ ያነበበ ሰው በቅጥር ጊዜ ከእኩዮቹ ቀድሞ እንደሚታይ ቀድመውን የወጡት መክረውናል።

ምርምር ለሚወዱ ደግሞ የእንዶድን ነገር እናስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ይህን ተከትለው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የደከሙበት ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ከእንዶድ ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ለማቶክሲን ተባለ፤ ስሙ የኢትዮጵያዊው መታሰቢያ ነው። ነጥሎ ያወጣው ግን በካሊፎርንያ ያለ ላቦራቶሪ ነበረ። ዕፁ የኛ፥ ያየው ዓይን የኛ፥ ስሙ የኛ፤ የኬሚስትሪው ሥራ ግን ባሕር ተሻግሮ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ባገራችን ስለ ዕፀዋት ንጥረ ነገሮች ብዙ ተሠርቷል፤ የኢትዮጵያ ኬሚስትሪ ማኅበር መጽሔትም ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታተማል። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ማስተርስና ዶክትሬት ይጠይቃል፤ መሣሪያ ሲበላሽ መለዋወጫ መጠበቅን፥ መብራት ሲጠፋም ትዕግሥትን ይፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው አይግባበት።

ከመካከላችን ብዙዎቹ የሚውሉት በማስተማር ነው፤ ይህን የምንናገረው ለማጽናናት አይደለም። «መምህር ሆኜ ቀረሁ» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳዝናል። በእርግጥ የብር ናይትሬት የሌለበት፥ ቢዩሬቱ የተሰበረበት ትምህርት ቤት ሞልቷል። ነገር ግን በከርከዴ ውሃ፥ በሎሚና በአመድ ውሃ አሲድንና ቤዝን ማስተማር ይቻላል፤ ከርከዴው በሎሚ ደምቆ ይቀላል፥ በአመድ ውሃ ይለወጣል፤ ተማሪውም በዓይኑ ያያል። እንዲህ የሚያስተምሩ መምህራን ጥቂቶች አስተምረውን ነበር፤ ካልታዘዙበት ሥራ የሚገኝ ደስታ እንዳላቸው ፊታቸው ይናገር ነበር። በሰሌዳ ላይ ቀመር ብቻ ጽፈው የሚወጡት ደግሞ ከኛ ይልቅ ይሰለቹ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲገባ በየዩኒቨርሲቲው የእጅ ማጽጃ ሲቀመም የጎረቤት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «ለካ ኬሚስት ይህን ይሠራል» አለ። በዚያን ጊዜ የ80 እጅ አልኮል ከ96 እጁ ይልቅ ለምን እንደሚሻል ለሕዝብ ማስረዳት የቻለው በደንብ የተማረ መምህር ነበረ።

አሁን ደግሞ ስለማይወራው ነገር እንናገር። ከኛ ቀድማ የተመረቀች አንዲት እኅታችን በአንድ ፋብሪካ ተቀጥራ ሳለች ናሙናው ሳይመጣ ቁጥሩን እንድትጽፍ ታዘዘች፤ «የትናንቱን አሻሽለሽ ጻፊው» ተባለች። እንቢ ብትል እንጀራዋ ነው፤ እሺ ብትል ፊርማዋ ነው። ስድስት ወር ታግሣ ሥራውን ለቀቀች፤ ቆይታም ደመወዙ በትንሹ የሚያንስ፥ ነገር ግን የፈረቃ ኬሚስት ቀይ ወረቀት ለጥፎ ምርቱን ማስቆም የሚችልበት ቦታ አገኘች። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ዕድል አያገኝም፤ ቤተ ሰብ የሚጠብቀው ሰው ስድስት ወር ያለ ሥራ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ሳይገቡ በፊት መጠየቅ ይሻላል። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ስለ ደመወዝ ከጠየቃችሁ በኋላ ይህንም ጠይቁ፤ ላቦራቶሪው የሚታዘዘው ለማን ነው? ለአምራቹ ክፍል ኀላፊ ከሆነ፥ ተከሳሹ ዳኛውን እንደ ሾመ ቍጠሩት። ውጤቱ ከወሰን ሲያልፍ ማን ይወስናል? መሣሪያው በምን ስታንዳርድ፥ በስንት ጊዜው ይመረመራል? ጠያቂዎቹ ፊታቸውን ቢያጠቁሩም መልስ አግኝታችኋል ማለት ነው።

የቀረን ነገር ለክቡራን መምህራኖቻችን የምናቀርበው ልመና ነው፤ በአክብሮት እንደምንናገር ይታመንልን።

የላቦራቶሪ ሪፖርታችን በሚታረምበት ጊዜ ውጤታችን ከመጽሐፉ ቁጥር በራቀ መጠን ነጥብ የሚቀነስብን ከሆነ፥ ካሁኑ የምንማረው ቁጥር ማስተካከልን ነው። ቲትሬሽኑ 23.4 ሚሊ ሊትር ወጥቶለት «የሚፈለገው 25 ነው» ብሎ 24.9 የሚጽፍ ተማሪ በመካከላችን እንዳለ እናንተም እኛም እናውቃለን። ይህ ልማድ ከዚህ ወጥቶ ወደ ፋብሪካውና ወደ ውሃው ላቦራቶሪ እንደሚከተለው አያጠራጥርም። ስለዚህ መጠኑን እናንተ ብቻ የምታውቁትን ናሙና ስጡን፤ ሦስት ጊዜ እንድንደግመው ጊዜ ስጡን፤ ሦስቱ ቢለያዩ ለምን እንደ ተለያዩ ለጻፈው ነጥብ ስጡት። መዝገባችን በቀለም ይጻፍ፤ የተሰረዘው በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዝ፥ ከሥሩ ያለው ይነበብ። ላቦራቶሪው ከሰዓት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ያህል ክፍት ቢሆንልን፥ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ተራ ገብተን ብርጭቆውን ለማጠብና ቁልፉን ለመጠበቅ ዝግጁ ነን። ተራውን የሚጽፍ ሰውም ካሁኑ መርጠናል።

እናንተ ክፍል የምትመርጡ ጓደኞቻችን ደግሞ፥ ከመምረጣችሁ በፊት በአንዱ ከሰዓት መጥታችሁ አንድ ቲትሬሽን አብራችሁን ሥሩ። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወድቅ ቀለሙ ሲለወጥ ማየት ቢያሰለቻችሁ ያን ጊዜ ሌላ ክፍል ምረጡ፤ አንቀየማችሁም።